እትዬ ሳጥንና ነጩ ጨርቅ

ሲሳሳት ደስ የሚለው ሰው አለ ብትሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። ሰው ሲሳሳት ወይ ይሸፋፍናል፣ ወይ ይቆጣል፣ ወይ ጥፋቱን ወደ ጎረቤት ይገፋል፤ እኔ በሦስቱም የታወቅሁ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ተሳስቼ ይሆን እንዴ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለላት ፊቷ ወገግ ይላል፣ እርምጃዋ ይፈጥናል፣ ሻይዋን ሳትጨርስ ትነሳለች። ያን ቀን ከኋላዋ ለሚከተል ሰው ወዮለት። የሚከተለው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሥራዬ በሕፃናት ምዘና ቢሮ ማስተርጎም ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ቋንቋ የተማርኩትም እዚያው አውቶቡስ ላይ፣ በአንድ እጄ ብረቱን ጨብጬ በሌላው ትኬት እየቀደድኩ ነው። ከተማችን ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ስለሆነች በአንድ ጉዞ ውስጥ በአምስት ቋንቋ ሲጣሉ ትሰማላችሁ። አራቱን እችላለሁ። ከአምስተኛው የማውቀው ስድቡን ብቻ ነው፤ እሱም ለቢሮ ሥራ አልጠቀመኝም።

እሷ መዛኝ ናት። ትምህርት ቤት ሊገቡ የደረሱ፣ ግን አልናገር ያሉ፣ ወይም አስተማሪ «ይህ ልጅ አንድ ነገር አለበት» ብሎ የጻፈባቸው ሕፃናት ወደ እሷ ይላካሉ። ልጁ እውነት ጉዳት አለበት ወይስ የከበደው የኛ ቋንቋና የኛ አጠያየቅ ነው? ይህን መለየት የእሷ ፋንታ ነው። ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። እናቷ እስከ ዛሬ ልጅ በሚዛን ላይ የምታወጣ ይመስላቸዋል፤ ከሥራ ስትገባ «ዛሬስ ስንት ኪሎ ሆኑ?» ይሏታል። «ከበዱኝ እማዬ» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም «በይ አረፍ በይ» ብለው ወንበር ይስባሉ።

ስድስት ዓመቷ ሳለ ቤተሰቦቿ ከሌላ አገር ነቅለው ወደዚህ ከተማ መጡ። ቋንቋው አዲስ ሆነባትና ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ሳትተነፍስ አሳለፈች። አስተማሪዋ በውጤት ወረቀቷ ላይ «ዲዳ ናት» ብሎ ጻፈ። ያ ሰውዬ ዛሬ መጥቶ ለግማሽ ሰዓት ቢያዳምጣት ላጲስ ፍለጋ ይሮጥ ነበር። ወረቀቱን ግን አልጣለችውም፤ በመሳቢያዋ ውስጥ፣ ከመቀስና ከሙጫ ጋር ተቀምጧል።

ቢሮ ውስጥ እትዬ ሳጥን ነው የምንላት፣ በሌለችበት። አረንጓዴ ክዳን ያለው የእንጨት ሳጥን ከእጇ አይጠፋም። በውስጡ ባለቀለም ኩቦች፣ ሥዕሎች፣ አሻንጉሊት ኩባያና በአውራ ጣት ተጭነው የሚያስነሱት አሮጌ የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት አለ። ቅጽል ስሟን የምታውቅ አይመስለኝም ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የምዘናው ክፍል ደግሞ የእሷ ግዛት ነው። ወንበሮቹ ለልጅ ይረዝማሉ ብላ አንድ ቅዳሜ መጋዝ ይዛ መጥታ እግራቸውን ቆርጣዋለች። ንብረት ክፍል ደብዳቤ ጻፈባት። እሷም ከመልሱ ጋር የተቆረጡትን አሥራ ስድስት የወንበር እግሮች በካርቶን አሽጋ ላከችላቸው።

ከሁሉም በላይ የምትኮራበት ነጩ ጨርቅ ነበር። ከአንሶላ ቀዳ፣ ጠርዙን በእጇ የሰፋችው፣ በመመሪያው ውስጥ የሌለ የራሷ ፈጠራ ነው። ልጅ ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ ታነጥፈውና ኩቦቹን በላዩ ትደረድራለች። «ቀለሙ ነጭ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ልጅ ደግሞ ንጹሕ ነገር ይወዳል» ትላለች። ራሷ አጥባ ራሷ ትተኩሰዋለች። አንዴ ሻይ ጠብ አድርጌበት ለአንድ ሳምንት ከመስኮቱ ጋር ብቻ ነበር የምታወራው።

አንድ ማክሰኞ አንድ ሰዓት ሠሪ ልጁን ይዞ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፤ የማጉያ መነጽሩ በቀኝ ዓይኑ ዙሪያ ክብ ምልክት ትቶበታል። ከቤተሰቡ ጋር ወደ ከተማችን ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ሲሆን የሚናገረው ከአራቱ ቋንቋዎቼ ሦስተኛውን ነው። ልጅቷ አራት ዓመት ተኩል ይሆናታል፤ እኛ ሚጢጢ እንበላት። ከመዋዕለ ሕፃናቱ የመጣው ደብዳቤ «ስሟ ሲጠራ አትዞርም፣ አትናገርም፣ የታዘዘችውን አታደርግም» ይላል። አባትዬው «ቤት ውስጥ እኮ ደህና ናት» አለ። ይህን የማይል አባት ስለሌለ ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

እትዬ ጨርቁን አነጠፈች፣ ኩቦቹን ደረደረች፣ ሰዓቷን አስነሳች። «አንዱን ባንዱ ላይ አድርጊው» አለች፤ እኔም ልጅቷን እንዳላስደነግጥ ከኋላዋ ቆሜ ለስለስ ባለ ድምፅ ተረጎምኩ። ሚጢጢ ኩቦቹን አየች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ሸጎጠች፣ ከንፈሯን ገጠመች፣ ትንፋሿን ሳይቀር ዋጠችው። እትዬ ራሷ ሠርታ አሳየቻት፤ ንቅንቅ የለም። ሥዕል ብናሳይ፣ ኩባያ ብንሰጥ ያው ነው። ደግመን ሞከርን፣ ሦስተኛም ሞከርን። አባትዬው ጥግ ላይ ተቀምጦ በዝምታ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ሐዘን መስሎኝ አንጀቴን በላው።

ውጤቱ ከዝቅተኛው መስመር በታች ሆነ። እትዬ ሞላችው፣ ፈረመች፣ ፊቷ ጠቆረ። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት በልጆቹ ጉዳይ የሚወስነው ጉባኤ ይሰበሰባል፤ እንዲህ ያለ ውጤት ያለው ልጅ ደግሞ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት ተብሎ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለው አዳሪ ቤት ይላካል። ወደ ወላጆቹ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ውሳኔውም ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይታይም። ለአራት ዓመት ተኩል ልጅ ሁለት ዓመት ዕድሜ ልክ ነው።

አባትና ልጅ ሊወጡ ሲሉ እትዬ ሳጥኗን ዘጋች፤ የክዳኑ ማጠፊያ ላልቶ የቆየ ኖሮ አንዲት ብሎን ወደቀች። ከምስር ፍሬ አትበልጥም። እኔ የት እንደገባች አላየሁም። ሚጢጢ ግን ከበሩ ተመልሳ በርከክ አለችና በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ከወለሉ ስንጥቅ መዝዛ አወጣቻት። በመዳፏ ላይ አኖረቻት፣ በሌላው መዳፏ ከደነቻት፣ እንዲሁ እንደያዘች ለአባቷ ወሰደችለት። እሱም ከኪሱ ትንሽ መፍቻ አውጥቶ ማጠፊያውን አጠበቀና እጅ ነስቶ ወጣ።

እትዬ በሩን ፈዛ ታያለች። ሻይዋ አጠገቧ ይቀዘቅዛል።

«አየሃት?» አለችኝ።

«አየኋት።»

«ሁለት ኩብ መደራረብ ያቃታት ልጅ ናት እንግዲህ።» ፊቷ ወገግ ሲል አየሁና ኮቴን ከመስቀያው አወረድኩ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ተሳስቻለሁ። የት ላይ እንደሆነ ነው ያልገባኝ።» ይህን ያለችው ዕጣ የወጣላት ሰው በሚናገርበት ድምፅ ነው።

የጉባኤው ሰብሳቢ የዓርቡ ቀጠሮ እንዲራዘም አልፈቀዱም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ወረፋው ረጅም፣ መመሪያቸውም ወፍራም ነው። «ብሎን ማንሳት በፈተናው ውስጥ የለም» አሏት። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በራሷ ጊዜ፣ ሳጥኑን እኔ ተሸክሜ፣ ወደ ሰዓት ሠሪው ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተሳፋሪ መሆኔን ረስቼ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ» አልኩ። አስተርጓሚ ብሆንም ደሜ ያው የትኬት ቆራጭ ነው።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል የሥራ ጠረጴዛው፣ በመጋረጃው ወዲያ አልጋዎቹ። ግድግዳው ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዓቶች ተሰቅለው እያንዳንዱ በራሱ ሐሳብ ይሄዳል። እናትየዋ ሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፤ ከሥራ ገና አልገባችም። የሚጢጢ ሁለት ወንድሞች ደብተራቸውን አልጋ ላይ ዘርግተዋል፣ ሚጢጢም አጠገባቸው አንድ የተበላሸ የጠረጴዛ ሰዓት ፈታትታ እየገጠመች ነው። አባትዬው በደስታ ተቀበለን፣ ወንበር ጠረገልን፣ «ሥራዬን ብቻ ልጨርስ፣ የሰዓቱ ባለቤት ሊመጣ ነው» ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። በጨርቁ ላይ ጥቃቅን ባለጥርስ መዘውሮች፣ ብሎኖችና ጸጉር የምታህል ሽቦ ተደርድረዋል።

ልጆቹ ሊያዩ ተጠጉ። ሦስቱም ረጅሙ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሦስቱም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ሸጎጡ፣ አፋቸውን ገጠሙ፣ ትንፋሻቸውን ቀነሱ።

እኔ ክው አልኩ። እትዬን ባያት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ለምንድነው እንዲህ የሚቀመጡት?» ብላ አስጠየቀችኝ።

«የቤታችን ሕግ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ። «ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ዕቃ ካለ እጅ ከጭን ሥር፣ አፍ ዝም። አንዴ ትልቁ ልጄ አስነጠሰና የሰው ሰዓት ሽቦ ጠፋችብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቤተሰቡ በጉልበቱ ሲዳክር ከረመ። ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም ነክተው አያውቁም። ማክሰኞ ለታ ሚጢጢን አይተዋት የለ? ኮራሁባት። ሦስት ጊዜ አባበላችኋት፣ እሷ ግን ፍንክች አላለችም።»

ሐዘን የመሰለኝ ራስ መነቅነቅ ኩራት ኖሯል።

«ጨርቁ የኔ ነው» አለች እትዬ በኛ ቋንቋ፣ ለራሷ ያህል። «መመሪያው ውስጥ የለም። የኔ ነው። ይሄን አትተርጉምለት።» አልተረጎምኩም፤ ሰውዬው ግን ከፊቷ ላይ አነበበውና መፍቻውን አስቀመጠ።

አለቀሰች ብትሉ አላለቀሰችም። ብድግ ብላ ሳጥኗን ባዶው ወለል ላይ ገለበጠችው። ኩቦቹ ግር ብለው ተበተኑ። ሚጢጢ አባቷን አየች። አባቷ ሁለት መዳፎቹን ከፍቶ አሳያት፤ በቤታቸው «መንካት ይቻላል» ማለት ነው። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። አሥሩንም ኩብ አቆመች። ከዚያ አፍርሳ ድልድይ ሠራች፤ ከሥሩ የእትዬን የሰከንድ መቁጠሪያ አሳለፈችበት። እትዬ አጠገቧ ተንበርክካ «አየህ? አየህ አይደል?» እያለች ጉልበቴን ትደበድባለች። አያለሁ እንጂ፣ ጉልበቴም እያየ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ብሎን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። «ልጅቷ ደህና ናት፣ ጥፋቱ የጨርቁ ነው» ብለን።

ሰዓት ሠሪው የባለጉዳዩን ሰዓት ገጥሞ ጨረሰና ለልጆቹ አቀበላቸው። ይህ ደግሞ ጨዋታቸው ነው፤ የተሠራ ሰዓት ሁሉ ከቤት ሳይወጣ በእነሱ ጆሮ ያልፋል። «ይራመዳል፣ ያነክሳል ወይስ ተኝቷል?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ትልቁ ወንድሟ ጆሮው ላይ አድርጎ «ይራመዳል» አለ። መካከለኛውም እንዲሁ። ሚጢጢ ተቀበለችና በጥርሷ ነከስ አደረገችው። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች፤ «ይራመዳል» አለች። ወንድሞቿ ሳቁ፣ አባቷም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

እትዬ አልሳቀችም። «ሁልጊዜ ነው የምትነክሰው?» አለች።

«ዓመት አልፏታል። ቀልደኛ ናት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ሰዓት ሠሪው አሰበ። «ከዚያ በፊትማ እንደነሱ በጆሮዋ ነበር።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አምና ጆሮዋን ታማ ነበር። ፈሳሽ ይወጣታል። ሲደርቅ ዳነች ብለን ተውነው» አለ፤ ድምፁ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሏል።

እትዬ ሁለት ሰዓት አስመጣች፣ የሚሄድና የቆመ። ልጅቷን ዓይኗን አስጨፍና አንዱን ጆሮዋ አጠገብ ያዘችላት። ሚጢጢ ዓይኗን ከፍታ መልሱን ከአባቷ ፊት ላይ ፈለገች። ጥርሷ ላይ ሲሆን ግን ወዲያው መለሰች። እያፈራረቅን አምስት ጊዜ ሞከርን፤ አምስቱንም ጊዜ በጥርሷ አወቀች፣ በጆሮዋ አንዱንም አላወቀችም።

እትዬ እጄን ጨብጣ ከወንበሬ አስነሳችኝ። «ድምፁ በአጥንት ሲገባ ይደርሳታል፣ በጆሮዋ በር ሲመጣ ነው የሚታገደው። መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል እንጂ ቤቱስ ሰው አለበት! ተርጉምለት። ተርጉም እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ተረጎምኩ። ሐኪም ይለየው፣ ተስፋ ግን አለ አልኩት። እየተናገርኩም ማክሰኞን አስታወስኩ፤ ከኋላዋ ቆሜ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ሰው አራት ቋንቋ ቢችል ለማይሰማው ሰው ከጀርባ ሆኖ ምን ይፈይዳል? እትዬ በጨርቋ፣ እኔ በጨዋነቴ፣ አባትዬው በኩራቱ፤ ሦስታችን ተባብረን ነበር ልጅቷን አዳሪ ቤት ልናስገባት የቀረነው።

ዓርብ በሦስት ሰዓት ጉባኤው ተቀመጠ። ሰብሳቢው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«የማክሰኞው ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«የሐሙሱስ?»

«እሱም የኔ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉሻል እኮ ሰዎች።»

«እውነታቸውን ነው። አፍስሻለሁ። አሁን እየለቀምኩ ነው» አለች። ነጩን ጨርቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው፤ ያለ ምንም ማስጌጥ ሁሉንም ተናገረች። ሰብሳቢው ጨርቁን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ስንት ዓመት ተጠቀምሽበት?»

«ዘጠኝ።»

ቀጣዩን ጥያቄ ሁላችንም አውቀነው ነበር፤ እሳቸው ግን መጠየቅ ስላለባቸው ጠየቁት። «ሌሎቹስ ልጆች?»

«መዝገባቸውን እከፍታለሁ። አልነካም፣ አልናገር ያሉትን አንድ በአንድ ቤታቸው ሄጄ አያለሁ። የሚቆረጥብኝ ነገር ካለ ይቆረጥ። የዛሬዋ ልጅ ግን ውጭ ቆማለች፤ በዓይንዎ ሳያዩ አይወስኑባት።»

አስገቧት። እትዬ ኩቦቹን በሰብሳቢው እግር ሥር በተነቻቸው። አባትዬው መዳፎቹን ከፈተ። ሚጢጢ ዘጠኙን ኩብ አቆመችና አሥረኛውን ፈለገች፤ ሰብሳቢው ሳያውቁት ረግጠውታል። ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ ጫማቸውን በሁለት ጣቷ መታ መታ አደረገች። አልገባቸውም። ደግማ መታ መታ አደረገች። እግራቸውን ሲያነሱ ኩቡን ወስዳ ጫፉ ላይ አስቀመጠችና ወደ አባቷ ሄደች። ሰብሳቢው መሳቃቸውን ለመደበቅ መመሪያውን ፊታቸው ላይ ቢያነሱም ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ውሳኔው ቀረ፤ ልጅቷም ወደ ጆሮ ሐኪም ተላከች።

ሐኪሙ ከጆሮዋ ታምቡር ጀርባ እንደ ሙጫ የወፈረ ፈሳሽ አገኘ። መጠጠው፣ እንዳይመለስም ትንንሽ ቱቦ አደረገላት። በመጀመሪያው ሳምንት አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ አባቷ ኮት ውስጥ ትገባ ነበር አሉ። የቀኙ ጆሮዋ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ የግራው ትንሽ ይቀረዋል። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ከፊት፣ በቀኟ ወደ አስተማሪዋ ሆና ትቀመጣለች። የማይደክም ምላስም አውጥታለች፤ አባቷ ዝም የምትለው ጨርቁ ሲነጠፍ ብቻ ነው ይላል።

እትዬ ቃሏን አልበላችም። ከመዝገብ ቤት አሥራ አንድ ፋይል ለይታ ጠረጴዛዋ ላይ ቆልላለች። በየሳምንቱ አንድ ቤት እንሄዳለን። እስካሁን አራቱን አይተናል፤ ሦስቱ የመጀመሪያው ውጤት ልክ ሆኖ ተገኘ፣ አንዱ አልነበረም። ለዚያ አንድ ልጅ ከአዳሪ ቤቱ የመውጫ ደብዳቤ ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ወረቀቱን በስቶት ነበር። ከቢሯችን በር ላይም የለጠፈችው ማስታወሻ አለ፤ «ወደ ልጆች ቤት ሄጃለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። እትዬ ሳጥን» ይላል። ለካ ታውቅ ኖሯል። ማን እንደነገራት ብጠይቃት ሳቀችብኝ።

በሦስተኛው ወር ሚጢጢ ለድጋሚ ምዘና መጣች። ጠረጴዛው ባዶ ነው። እኔ ከፊቷ፣ አፌ በሚታያት ቦታ ተቀመጥኩ። እትዬ «ዝግጁ ናት?» ብላ ሰዓቷን ልታስነሳ ስትል ሚጢጢ እጇን ዘረጋች። እትዬ አስነስታ ሰጠቻት። ልጅቷ እንደ ልማዷ ወደ ጥርሷ አስጠጋችው፤ አፏ ጋ ሲደርስ ቆመች፣ አሰበችበት፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ወሰደችው።

እትዬ እጄን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባ።

ሚጢጢ ብዙ አዳመጠች። ከዚያ ሰዓቱን ለእትዬ መለሰችና አንድ ቃል ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች እትዬ።

ሳልወድ ተረጎምኩ። «ያነክሳል።»

አባትዬው ከኪሱ የራሱን ሰዓት አውጥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ለካቸው። «እውነቷን ነው» አለ። «በየደቂቃው አራት ሰከንድ ይጎትታል። ዛሬ የጀመረውም አይመስለኝ፤ ዓመታት ሆኖታል።»

እትዬ በመጀመሪያ አፏን ከፈተች። ከዚያ ማሰቧን ከዓይኗ አየሁ፤ በዚያ መቁጠሪያ የተለካው ልጅ ሁሉ በየደቂቃው አራት ሰከንድ ተመርቆለታል ማለት ነው። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። «ይሄኛው ስሕተቴ እንኳን ለእነሱ አድልቷል» አለች፤ ግን ወዲያው ሰዓቱን ለሰዓት ሠሪው ዘረጋችለት። «ይሥሩልኝ። አሁኑኑ፣ እዚሁ።»

አባትዬው ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ። የሰዓቱን ጀርባ ከፍቶ የመጀመሪያዋን ብሎን በመሐረቡ ላይ አኖረ። ስታወራ የነበረችው ሚጢጢ ጸጥ አለችና እጆቿን ከጭኗ ሥር ሸጎጠች። እትዬ አየቻት። እሷም እግሩ በተቆረጠው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር ሸጎጠች፣ አፏን ገጠመች። ከዚያ ሁለቱም አንገታቸውን መልሰው እኔን ያዩኝ ጀመር፣ እጄን እስክሸጉጥ ድረስ።